ዳገቱን ያልወጣው መኪና

ከአጣዬ ወደ ካራቆሬ በሚያወጣው ዳገት፣ ከመንገዱ ግራ ባለው ቦይ ውስጥ አንድ ትልቅ የጭነት መኪና በጎኑ ተኝቷል። ሾፌሩ ከጋቢናው ሥር ነው። ጎንበስ ብዬ ፊቱን አየሁት፤ አንዲት ጭረት እንኳ የለችበትም። እንዲህ ያለ ፊት አይሆንልኝም። የተጎዳ ፊት ሳይ ሥራዬን እሠራለሁ፤ ደህና ፊት ሳይ ግን ሰውየውን ቀስቅሰው ቀስቅሰው ይለኛል።

ሟቹ አብዱልሃዲ ይባላል፤ የሸዋ ሮቢት ልጅ፣ የእርዳታ እህል ወደ ሰሜን የሚያመላልስ ሾፌር። ዘመኑ ሰባ ሰባት ነው። ወሎ ውስጥ ሰው በረሃብ የሚረግፍበት፣ መኪኖችም ካልታጀቡ ዝር የማይሉበት ጊዜ ነበር። ከዚህኛው በፊት በሄደው ኮንቮይ ላይ ተኩስ ተከፍቶ ሾፌሮች ሞተዋል። እኔ መቶ አለቃ ደሳለኝ ነኝ፤ ከመንዝ ብርድ ወደ ሸዋ ሮቢት ሙቀት በመርማሪነት ከወረድኩ ገና አንድ ክረምት አላለፈኝም። መኪናው ያደረው በእኛ ከተማ፣ የተነሣውም ከእኛ ከተማ ስለሆነ ጉዳዩ በእኔ ትከሻ ላይ ወደቀ።

የአካባቢው ካድሬ ጓድ ወርቁ ከእኔ ቀድሞ ደርሶ ኖሮ ነገሩን ጨርሶታል። የአሻጥር ሥራ ነው አለኝ። ከጭነቱ ላይ ጆንያ ጎድሏል፤ ረዳቱ ሙሄም የለም። ረዳቱ ታኮውን አንሥቶ መኪናውን ለቀቀው፣ ግብረ አበሮቹ እህሉን ወሰዱ፤ በቃ። ሲናገር እጁን ጀርባው ላይ አቆላልፎ ነበር፤ የደከመው ሰው ይመስላል እንጂ ክፉ ሰው አይመስልም። ግን የሚፈልገው ስም ነበር። ስሙ የማንም ይሁን፣ እሱ ከበላይ ለሚጠብቁት ሰዎች የሚሰጠው አንድ ስም።

እኔ ታኮውን ፈለግሁ። ታኮ ማለት መኪና ዳገት ላይ ሲቆም ረዳቱ ዘሎ ወርዶ ከኋላ ጎማ ሥር የሚወትፈው ድንጋይ ነው። አስፋልቱ ላይ እንደተቀመጠ አገኘሁት፤ ማንም አልነካውም። የጎማው ፍሬን የጫረው ጥቁር መስመር ደግሞ ከድንጋዩ በላይ ይጀምራል። ስለዚህ መኪናው ድንጋዩን ትቶ በራሱ ሞተር ትንሽ ወደ ፊት ወጥቷል፤ ከዚያ አቅም አጥቶ ወደ ኋላ፣ ድንጋዩን ስቶ ወደ ቦዩ ተንሸራቷል። ሾፌሩ ሊዘል ሲል መኪናው ተገልብጦበታል። ጆንያዎቹን የወሰዱት ከዚያ በኋላ የመጡ የተራቡ ሰዎች ናቸው፤ ዱካቸው ከጎማው ዱካ ላይ ነው ያለው። አብሮኝ ለነበረው ለአስር አለቃ ተሰማ ይህንን ሳስረዳው ራሱን ነቀነቀና፣ ታዲያ ባዶ ሜዳ ላይ ሞተ በላቸው አለኝ።

ባዶ ሜዳ አልነበረም። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል። ከእሱ የከበደ ጭነት የያዙ መኪኖች ያንን ዳገት እያጓሩ ወጥተውታል። የአብዱልሃዲ መኪና ለምን እምቢ አለው?

ሙሄን ካራቆሬ ዘመዱ ቤት አገኘነው። ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ጥርሱን በጫት ያበላሸ ሰው ነው። ስንገባ አልሮጠም። እርዳታ ጥራ ብሎ የላከው ራሱ አብዱልሃዲ መሆኑን፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ካራቆሬ ደርሶ ሲመለስ ሕዝብ ተሰብስቦ፣ ጓድ ወርቁም ቆሞ ሲያይ ፈርቶ እንደሸሸ ነገረን። አውቶቡሱ መኖሩን፣ ሙሄ ሲሳፈር መኪናው ቆሞ፣ አብዱልሃዲም ኮፈኑን ከፍቶ እንደነበር በኋላ የአውቶቡሱ ሾፌር አረጋገጠልን። የሙሄ ነገር በዚሁ አበቃ።

«ጀውሃ ሳንደርስ ነው ትንፋሽ ያጠረው» አለ ሙሄ። «ሜዳ ላይ ይሄዳል፤ ትንሽ ከፍታ ሲያገኝ ጥቁር ጭስ ይተፋና ይተኛል። የኮንቮዩ ሰዎች ናፍጣው ቆሽሾ ነው፣ ንዳው አሉትና ጥለውን ቀደሙ። አብዱልሃዲ ልመለስ ብሎ ነበር።»

«ለምን አልተመለሰም?»

«የሚመለስ አሻጥረኛ ነው ተብለናላ። ጓድ ወርቁ ሲነግረን ሁላችንም ቆመን ሰምተናል።»

መኪናውን በመንገድ ሥራ ማሽን ጎትተው በእግሩ አቆሙት። ቱርቦ ያለው ሞተር ነው፤ በአካባቢው ደግሞ ቱርቦ የሚያውቅ መካኒክ አንድ ብቻ ነበር። የሸዋ ሮቢቱ ጋሽ ሸሪፍ። ችግሩ ጋሽ ሸሪፍ የሟቹ አማች መሆናቸው ነው፤ ልጃቸው ዙሀራ የአብዱልሃዲ ሚስት ናት። መኪናውም ሲያድር ያደረው በእሳቸው ግቢ ነው። ሌላ ሰው ከአዲስ አበባ እናስመጣለን ብያቸው ነበር። እሳቸው ግን ልጄን ምን እንደገደለው እኔው ልየው ብለው ሽርጣቸውን አጥብቀው መጡ። ልጄ ነበር ያሉት፣ አማቼ አላሉም።

እንደ ሐኪም ነው የመረመሩት። ናፍጣውን በመዳፋቸው ቀድተው አሸተቱ፤ ንጹሕ ነው አሉ። ፊልትሮውን አዩ፤ ደህና ነው። ከዚያ ወደ ቱርቦው ዞሩ። ቱርቦ የሞተሩ ጭስ ራሱ የሚያሽከረክረው ማራገቢያ ነው፤ በወፍራም ቱቦ አየር እየገፋ ሞተሩን ያጎርሰዋል። ያ አየር ከጎደለ ናፍጣው አይነድም፣ ጭሱ ይጠቁራል፣ መኪናውም ጉልበት ያጣል። ጋሽ ሸሪፍ እጃቸውን በቱቦው ላይ አሳልፈው ቱቦውን ከሞተሩ ጋር የሚያስረው ቀለበት ጋ ደረሱ። እዚያ ላይ እጃቸው ቆመ። ጣታቸው የቀለበቱን ብሎን ዳሰሰ፣ ደግሞም ዳሰሰ። ከዚያ እጃቸውን ሳብ አደረጉና በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ቱርቦው ነው» አሉ። «ተሰብሯል።»

አልከፈቱትም እኮ። ሳይከፍቱ ነው ተሰብሯል ያሉት። ጓድ ወርቁ ደግሞ የሰማው ሌላ ነገር ነው፤ መኪናው ያደረው እኚህ ሰው ግቢ፣ የነካውም እኚህ ሰው። እዚያው አሰራቸው። የእርዳታ ማመላለሻው መሐንዲስ ከአዲስ አበባ መጥቶ መኪናውን እንዲያይ፣ ከዚያም ሰውየውን ይዞ ወደ አዲስ አበባ እንዲሄድ ተወሰነ። በዚያ ዘመን በአሻጥር ተከስሶ ወደዚያ የሄደ ሰው ወሬው እንኳ አይመለስም።

ሰው ሁሉ ሲሄድ ተሰማን ከጠባቂው ጋር ትቼ ቱቦውን ራሴ ፈታሁት። ፖሊስ ሠራዊት ጋራዥ ውስጥ ወጣትነቴን ስለጨረስኩ ብሎን አያስፈራኝም። የብሎኑ ራስ ወደ ታች ዞሯል፤ የቀለበቱ ትርፍ ጫፍ ደግሞ እጅ እንዳይቆርጥ ወደ ውስጥ ታጥፏል። ሌላ መካኒክ እንዲህ አያስርም፤ ጊዜ ይፈጃል። ቱቦው ውስጥ የታጠፈ ጨርቅ ተወትፎ ነበር። ጨርቁ የሽርጥ ቅዳጅ ነው። ዙሪያውን በቀጭን ሽቦ ታስሯል፣ የሽቦው ጫፍም ቱቦው አፍ ላይ ተቆልምሟል።

ድንጋዩ ላይ ተቀምጬ ብዙ አየሁት። ሞተር ሊያጠፋ የፈለገ ሰው አሸዋ ይጨምራል፤ በቃ፣ አለቀለት። ይሄኛው ሰው ግን ጨርቁ ተስቦ ሞተሩ ውስጥ እንዳይገባ በሽቦ አስሮታል። ለሞተሩ አስቧል ማለት ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ብዙ ወንጀለኛ አይቻለሁ፣ የሚሳሳ ግን አላጋጠመኝም።

ጋሽ ሸሪፍን እስር ቤት ሄጄ ጨርቁን እንዳገኘሁት ነገርኳቸው። እኔ ነኝ የረሳሁት አሉ። ቱቦ ሲፈታ አቧራ እንዳይገባ ጨርቅ መወተፍ የመካኒክ ወግ ነው፤ ወትፌ ረስቼ ዘጋሁት አሉኝ። ለአቧራ የተወተፈ ጨርቅ በሽቦ ይታሰራል ወይ ብዬ ጠየቅኋቸው። መቼ ነው ታዲያ የከተቱት ስላቸው፣ መኪናው በሚነሣበት ቀን ዋዜማ፣ ከሰዓት በኋላ፣ አስር ሰዓት ግድም አሉ።

ያን ሰዓት ግን የት እንደነበሩ ከተማው በሙሉ ያውቃል። ሷሊሕ የሚባሉ የሠፈሩ አዛውንት ሞተው ጀናዛ ነበር። ጋሽ ሸሪፍ ቃሬዛውን ተሸክመዋል፤ መቃብሩም ላይ ዱዓ ሲያደርጉ የጓድ ወርቁ ሰዎች ሳይቀሩ አይተዋቸዋል። አብዱልሃዲ ከጎናቸው ነበር፣ ሙሄም እንደዚሁ። የዚያን ቀን ጠዋት መኪናው ዘይት ሲቀየርለት ሙሄ ራሱ አስነሥቶት ሞተሩ ደህና ነበር። ከጀናዛው በፊት ግቢው ከሰው አልተለየም፤ ከዚያ መልስ ደግሞ ሙሄ እስኪነሡ ድረስ መኪናው ውስጥ ነው ያደረው።

«የሌሉበትን ነው የሚናገሩት» አልኳቸው። «ማንን እየሸፈኑ ነው?»

«እኔ ነኝ አልኩ፤ ይጻፉት» አሉና ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ።

እዚህ ላይ ነው እኔ የሳትኩት። በጀናዛው ሰዓት ግቢው ባዶ ነበር ብዬ ደመደምኩ። ሁሉም ቀብር ሄዷል ተባልኩ፣ አመንኩ። በእኛ በመንዝ ሰው ሲሞት ሴት የለ ወንድ የለ፣ ቤት ይዘጋና ሁሉም እያለቀሰ መቃብር ድረስ ይወርዳል። ስለዚህ ከውጭ የገባ ሰው ፍለጋ ያዝኩ። ከአጥሩ ጀርባ ያሉትን ሁሉ ጠየቅሁ፤ ከአብዱልሃዲ ጋር የተጣላ ሾፌር አለ ሲሉኝ ኮምቦልቻ ድረስ ሰው ላክሁ። ሰውየው ለካ ወባ ይዞት ሐኪም ቤት ከተኛ ሰንብቷል።

ተስፋ ቆርጬ ሙሄን እንደገና አስጠራሁትና፣ ከጀናዛው ማን እንደቀረ አስታውስ አልኩት። የሠፈሩን ወንዶች በየቤታቸው ቆጠረልኝ። አንድም የቀረ የለም።

«ሴቶቹስ?» አልኩት፤ እንዲያው ለነገሩ ነው የጠየቅሁት።

ሙሄ ሞኝ እንደሚያይ ሰው አየኝ። «ሴት ጀናዛ አትሸኝም እኮ፣ መቶ አለቃ። እነሱማ ቤት ነው የሚቀሩት።»

ሌላ ምንም አልጠየቅሁትም። ጋሽ ሸሪፍ ወንድ ልጅ የላቸውም። ዙሀራ ከሕፃንነቷ ጀምሮ መፍቻ ስታቀብል፣ ቀለበት ስታጠብቅ ያደገችው እዚያ ግቢ ውስጥ ነው። የብሎኑን ራስ ወደ ታች አዙሮ ማሰርን ለማን እንዳስተማሩ ገባኝ። ዳገቱ ላይ እጃቸው ለምን እንደቆመም ገባኝ። ደስ አላለኝም። መርማሪ ነገሩ ሲገጥምለት ደስ ይለዋል ይባላል፤ እኔ ግን የዚያን ዕለት ምንም ሳልጽፍ መዝገቤን ዘጋሁ።

ለቅሶው ቤት ስሄድ ሴቶቹ ቦታ ለቀቁልን። ዙሀራ ሃያ አምስት የሚሆናት፣ እጇ ትልልቅ የሆነ ሴት ናት። አላህ ይዘንለት ብዬ ገና ከመቀመጤ፣ እኔ ነኝ አለችኝ። ሽርጡን ቀድዳ የወተፈችው እሷ መሆኗን፣ ወንዶቹ ጀናዛ ሲሄዱ ግቢው ውስጥ ብቻዋን ሆና እንደሠራችው ነገረችኝ። አባቷ መታሰራቸውን ከሰማች ወዲህ ልትመጣ ብትነሣም ሴቶቹ ለቅሶ ላይ ያለሽ ሴት አትወጪም ብለው ይዘዋታል። አልቅሳ የጨረሰች ትመስላለች።

«እንዳይሄድ ነው» አለች። «ያለፈው ጊዜ የሞቱትን ሾፌሮች ሚስቶቻቸውን አውቃቸዋለሁ። ተው ብዬው አልሰማኝም። ሞተሩ ትንፋሽ ካጠረው ጀውሃ ሳይደርስ ወደ አባቴ ይመለሳል አልኩ። የታመመ መኪና ይዞ የሚሄድ ሾፌር የት አለ? ኮንቮዩ ጥሎት ይሄዳል፤ አባቴ ጨርቁን ያወጣል፤ እሱም ይኖርልኛል።»

«መመለስ መከልከሉን አታውቂም ነበር?»

«አልነገረኝም። እንዳልፈራ ብሎ ይሆናል።» ቀና አለች። «እውነቱን ይንገሩኝ፣ ጋሼ። በዚያ ነው የሞተው?»

በሥራዬ ብዙ ዋሽቻለሁ፤ ደረቅ እውነትም ተናግሬ ሰው አስለቅሻለሁ። ያን ቀን ግን ሁለቱም አቃተኝ። ምርመራው አላለቀም አልኳትና እኔ ሳልመጣ ከቤት እንዳትወጪ ብዬ ተነሣሁ። ደጃፉ ላይ ስደርስ ጫማዬን ማሰር አቅቶኝ ቆሜ ቀረሁ።

ወደ እስር ቤቱ ተመልሼ ለጋሽ ሸሪፍ ሁሉን ነገርኳቸው። ለመጀመሪያ ጊዜ አለቀሱ። እኔን ይውሰዱኝ፣ ያረጀሁ ሰው ነኝ አሉ። እርስዎ ከተወሰዱ እሷ ወጥታ ትናገራለች፣ ሁለታችሁንም ነው የሚወስዷችሁ አልኳቸው። ይህንን ሲሰሙ ጭንቅላታቸውን ያዙ።

«ሞቱን እኔም እሷም እንችለዋለን» አሉኝ በመጨረሻ። «ግን ልጄ ባሌን በእጄ ገደልኩ ብላ እንዴት ትኑር? ይሄንን እንዴት አድርጋ ትኑረው፣ ልጄ?»

ያኔ ነው ልጄ ያሉኝ። ከዚያ በፊት መቶ አለቃ ነበር የሚሉኝ።

«ቱርቦው ተሰብሯል ብለው ነበር» አልኳቸው። «እውነት ተሰብሮ ቢሆን ኖሮ ሁላችንም እናርፍ ነበር። መሐንዲሱ ነገ ነው የሚመጣው።»

ቀና አሉ። ከዚያ ካቻቢቴ ይኖርሃል ወይ አሉ።

ታሳሪው የተበላሸውን ያሳየኛል ብዬ ወደ መኪናው ወሰድኳቸው። ተሰማ ነገሩ ገብቶት ይሁን ሳይገባው፣ ጠባቂውን ሲጋራ እንጠጣ ብሎ ወደ ዛፉ ጥላ ይዞት ሄደ። እኔ ጀርባዬን ሰጥቼ መንገዱን አየሁ። ጋሽ ሸሪፍ ሥራ ሲጀምሩ ቢስሚላህ ማለት ልማዳቸው ነው፤ ያን ቀን ግን ዝም ብለው ነው የጀመሩት። ብረት ሲሰበር ሰማሁ፤ አንዴ፣ ደግሞ ሌላ። ሲጨርሱ ቀለበቱን መልሰው አሰሩ፤ እንደማንኛውም መካኒክ፣ የብሎኑን ራስ ወደ ላይ አድርገው። ጨርቁን እኔ ቤቴ ወስጄ አቃጠልኩት።

መሐንዲሱ ወጣት ነው፣ መነጽር ያደረገ። የቱርቦውን ማራገቢያ አውጥቶ የተሰበሩትን ምላጮች እያገላበጠ ብዙ ቆየ። አንዴ እኔን፣ አንዴ የጋሽ ሸሪፍን እጅ አየ። ከዚያ ማራገቢያውን አስቀመጠና፣ ብረትም ይደክማል፣ የማንም ጥፋት አይደለም ብሎ ጻፈ። ምን እንዳሰበ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ጓድ ወርቁ ወረቀቱን አንብቦ ጋሽ ሸሪፍን ፈታቸው። ሁላችንም ስንበተን እኔን ለብቻዬ ጠራኝ።

«ሊመለስ ፈልጎ ነበር የሚባለው እውነት ነው?»

«እውነት ነው» አልኩት።

ኮፍያውን ደፍቶ ወደ መኪናው ሄደ፤ በሩን ከፍቶም ሳይገባ ለትንሽ ጊዜ ቆመ። የሚቀጥለው ኮንቮይ ሲነሣ ትእዛዙ ያው የድሮው ነበር።

መኪናውን ጎትተው ወደ ጋሽ ሸሪፍ ግቢ አመጡት፤ ሌላ ቱርቦ ገጥመው እንዲጠግኑት ታዘዙ። እኔም ከጋሽ ሸሪፍ ጋር የተማከርነውን ይዤ ወደ ዙሀራ ሄድኩ። በመንገዴ ላይ ደጋግሜ ተለማምጄዋለሁ። ባልሽ ሙሄን ከላከው በኋላ ኮፈኑን ከፍቶ ጨርቁን አግኝቶታል አልኳት፤ አውጥቶ ቱቦውን መልሶ አስሮ ነበር፤ ጨርቁ ጋቢናው ውስጥ ነው የተገኘው። ዳገቱን ሊወጣ ሲል ግን ያረጀው ቱርቦ ተሰበረ። አንቺ የሠራሽው ለሞቱ ምክንያት አይደለም። መሐንዲሱም ይህንኑ ጽፏል።

ስጨርስ ነጠላዋን ከአገጯ ላይ ገፋ አደረገች።

«ማራገቢያውን አየሁት» አለችኝ። «አባቴ ከነብረት ቤቱ ከግቢው ማዶ፣ እዚህ ደጃፋችን ጋ ጥሎት ነበር። ሲሽከረከር የተሰበረ ቢሆን የሚዞርበትን የብረት ቤት ዙሪያውን ይፍቀው ነበር። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ጋሼ። በካቻቢቴ ነው የተሰበረው።»

ትልልቅ እጆቿን ጭኗ ላይ አስቀምጣ ብዙ አየቻቸው። እንባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም።

«አባቴ ዕድሜውን ሙሉ መኪና አልሰበረም» አለች። «ለእኔ ብሎ ነው። ሄደው ይንገሩልኝ፤ ዙሀራ የነገርኳትን አምናለች ይበሉት።»

ወደ ግቢው ስገባ ጋሽ ሸሪፍ መኪናው ሥር ተኝተው ነበር። የጫማዬን ድምፅ ሲሰሙ መፍቻው ቆመ፤ ግን አልወጡም። ጎንበስ ብዬ፣ የነገርኳትን አምናለች አልኳቸው። አልሐምዱሊላህ ሲሉ ሰማሁ። ከዚያ በኋላ ሥራቸውን እስኪቀጥሉ ድረስ እዚያው ቆሜ ጠበቅኋቸው።